ስልክ የሆነው የእጅ ሰዓት

ምንባቡን ከማንበባችሁ በፊት በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ ተወያዩ። አንድ የእጅ ሰዓት ሰዓት ከመቁጠር ሌላ ምን አገልግሎት ሊሰጥ ይችላል? በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሲሆን የእጅ ስልክ ስንት ሰዓት ያሳያል? ለምን?

ምንባብ

በጅቡቲ የሚገኘው ዓለም አቀፍ ነፃ የንግድ ቀጠና የተመረቀው እ.ኤ.አ. በጁላይ ወር 2018 ነው። በሙሉ ዕቅዱ 4,800 ሄክታር መሬት እንዲሸፍን የታሰበ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ የተመረቀው የመጀመሪያው ክፍል 240 ሄክታር ነበር። ነፃ የንግድ ቀጠና ማለት ከባሕር ማዶ የመጣ ሸቀጥ ወደ አንድ አገር ገበያ እስኪገባ ድረስ ቀረጥ ሳይከፈልበት የሚከማችበት፣ የሚለይበት፣ እንደገና የሚታሸግበት ወይም የሚገጣጠምበት የተከለለ ሥፍራ ነው። ኢትዮጵያ ከውጭ ከምታስገባውና ወደ ውጭ ከምትልከው ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ ወደቦች በኩል ስለሚያልፍ፣ በዚያ አካባቢ ከፈረንሳይኛ፣ ከዓረብኛ፣ ከሶማልኛና ከአፋርኛ ጋር አማርኛም ይሰማል።

በእንዲህ ያለ ሥፍራ የሚሠራ አንድ የጉምሩክ አስተላላፊ፣ በተለምዶ ትራንዚተር የሚባለው ሠራተኛ፣ እጆቹ አያርፉም። በግራው ሰነድ፣ በቀኙ ብዕር ይዞ የኮንቴይነሩን ቁጥር ከወረቀቱ ጋር ያስተያያል፤ የበሩ እሽግ ያልተነካ መሆኑን ይመለከታል፤ የወረዱትን ካርቶኖች ይቆጥራል። በዚህ መካከል ስልኩ ቢጠራ፣ ከኪሱ እስኪያወጣው ድረስ ወይ ሰነዱ በነፋስ ይበተናል፣ ወይ ቆጠራው ይጠፋበታል። ከኪስ ይልቅ በእጅ አንጓ ላይ ያለ ስልክ ጠቃሚነቱ የሚታወቀው እንደዚህ ባለው ሥራ ላይ ነው።

ሰዓትንና ስልክን አንድ የማድረግ ሐሳብ አዲስ አይደለም። ማርቲን ኩፐር የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1973 በኒውዮርክ መንገድ ላይ ቆሞ የተናገረበት የመጀመሪያው የእጅ ስልክ ከአንድ ኪሎ ግራም በላይ ይመዝን ነበር። ከ26 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1999፣ ሳምሰንግ የተባለው የኮሪያ ኩባንያ በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር ስልክ ሠራ። ባትሪው ለ90 ደቂቃ ያህል ንግግር ብቻ ይበቃ ስለነበር ብዙ ሰው አልተጠቀመበትም። እ.ኤ.አ. በ2014 ያው ኩባንያ የራሱን ሲም ካርድ የሚይዝ ዘመናዊ ሰዓት ለገበያ አቀረበ። አፕልም እ.ኤ.አ. በ2017 የሚነቀል ካርድ የሌለውን፣ ሲሙ በውስጡ የተሠራበትን ሰዓት አወጣ። ዛሬ በቻይና የሚሠሩ በርካታ ሰዓቶች ከጎናቸው በምትገኝ ጠባብ ማስገቢያ ተራውን ሲም ካርድ ይቀበላሉ።

ይሁንና በገበያ ላይ «ስማርት ዋች» የሚባለው ሁሉ ስልክ አይደለም። ብዙዎቹ በብሉቱዝ አማካይነት በኪስ ካለው ስልክ ጋር የሚተሳሰሩ ናቸው። እነዚህ ሰዓቶች ጥሪ ያሳያሉ፤ አንዳንዶቹም ያናግራሉ፤ ነገር ግን ድምፁን የሚያስተላልፈው ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ነው። ባለቤቱ ስልኩን በቢሮ ትቶ ወደ መጋዘን ቢሄድ ሰዓቱ ጊዜ ከመቁጠር በቀር ብዙም አይጠቅመውም፤ የብሉቱዝ ግንኙነት ብዙውን ጊዜ ከ10 ሜትር እምብዛም አያልፍምና። ራሱን የቻለው ሰዓት ግን የራሱ ሲም፣ የራሱ ቁጥርና የራሱ አንቴና አለው። ገዢው ሁለቱን ለመለየት ከፈለገ ቀላል ዘዴ አለ። ራሱን የቻለ ስልክ ሁሉ 15 አኃዝ ያለው የመሣሪያ መለያ ቁጥር አለው። ይህም ቁጥር በማሸጊያው ላይ ይጻፋል፤ የቁጥር መደወያ ባለው ሰዓት ላይም ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል ሲነካ ብቅ ይላል። ብሉቱዝ ብቻ ያለው ሰዓት ይህ ቁጥር የለውም። ሻጩ የሚናገረውን ከመስማት ይህን መፈተሽ ይሻላል።

ሰዓቱ ስልክ መሆኑ ከታወቀ በኋላ የሚቀጥለው ጥያቄ የማን መስመር ይቀበላል የሚለው ነው። በጅቡቲ አገልግሎቱን የሚሰጠው ጅቡቲ ቴሌኮም ሲሆን፣ የአገሪቱ መለያ ቁጥር 253 ነው። በኢትዮጵያ ኢትዮ ቴሌኮም ከቆየበት ጋር እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ተጨምሯል፤ የአገሪቱ መለያ ቁጥር 251 ነው። አንዱ ሰዓት በሁሉም መስመር ላይ እኩል አይሠራም። የስልክ ሞገዶች በተለያዩ ድግግሞሾች ይተላለፋሉ፤ ሰዓቱ የማያውቀው ድግግሞሽ ለእሱ እንደሌለ ይቆጠራል። ከዚህም ሌላ፣ ድምፅን በአራተኛው ትውልድ መስመር ላይ ማስተላለፍ የማይችል ሰዓት ጥሪ ሲመጣ ወደ ሁለተኛው ወይም ወደ ሦስተኛው ትውልድ መስመር መውረድ ይኖርበታል። ያ መስመር በሌለበት ቦታ መልእክት እየተቀበለ ጥሪ የማይቀበል ይሆናል። በጋላፊ በኩል ድንበር የሚያቋርጥ ሾፌርም አብዛኛው ሰዓት አንድ ሲም ብቻ እንደሚይዝ ማሰብ አለበት። ወይ ካርዱን ይቀይራል፣ ወይ በሮሚንግ ከፍ ያለ ዋጋ እየከፈለ ይናገራል። ያችን ጥፍር የምታክል ካርድ በመኪና ጋቢና ውስጥ መቀየር ደግሞ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው።

የነፃ ቀጠናው ሁለት ነገሮች፣ ብረትና ሙቀት፣ ለእንዲህ ያለው ሰዓት ከባድ ፈተናዎች ናቸው። ኮንቴይነር ከብረት የተሠራ ሣጥን ነው። የሬዲዮ ሞገድ ብረት ሲያጋጥመው አብዛኛው ይመለሳል እንጂ አያልፍም። በዚህ ምክንያት ወደ ኮንቴይነር ጥልቅ የገባ ሠራተኛ በሩ ክፍት ቢሆንም መስመሩ ይደክምበታል፤ በሩ ከተዘጋ ፈጽሞ ሊጠፋ ይችላል። ብቻውን ወደ ውስጥ የሚገባ ሰው «ሰዓቴ በእጄ አለ» ብሎ ቢተማመን፣ ርዳታ በሚያስፈልገው ሰዓት መሣሪያው ዲዳ ይሆንበታል። ስለዚህ ውጭ የሚጠብቅ ባልደረባን የሚተካ ሰዓት የለም። መስመሩ ሲደክም ደግሞ ሌላ ችግር ይከተላል። ማንኛውም ስልክ ማሰራጫው ሲርቅበት ድምፁን ለማድረስ የበለጠ ኃይል ያወጣል። የተለመደው የእጅ ስልክ ባትሪ 5,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ያህል ሲይዝ፣ የሰዓት ባትሪ ግን ብዙውን ጊዜ ከ300 እስከ 600 ብቻ ነው። የሥራው ዓይነት አንድ ሆኖ ስንቁ አንድ አሥረኛ ሆነ ማለት ነው። በኮንቴይነሮች መካከል መስመር ሲፈልግ የዋለ ሰዓት ባለቤቱ ወደ ቤቱ ሳይደርስ ቢጠፋ አያስገርምም።

ሙቀቱም ቀላል አይደለም። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት የጅቡቲ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚያልፍባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። አፕል ግን አብዛኞቹ ሰዓቶቹ ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለው የአየር ሙቀት እንዲሠሩ ተሠርተዋል ይላል። ሊቲየም ባትሪ በሙቀት ውስጥ ሲቆይ፣ ይልቁንም በሙቀት ውስጥ ኃይል ሲሞላ፣ ዕድሜው ያጥራል። ሰዓቱን አውልቆ በፀሐይ በጋለ የመኪና መስኮት ሥር ቻርጅ ማድረግ ባትሪውን በእጅ መግደል ነው። ላብና የባሕር ጨው ደግሞ በማሰሪያው ሥር ቆዳን ያቆስላሉ፤ የኃይል መቀበያ ነጥቦቹንም ያዝጋሉ። ማታ ማታ በንጹሕ ውኃ በራሰ ጨርቅ መጥረግ ይጠቅማል።

ጊዜ መቁጠር የዚህ መሣሪያ ቀላሉ ሥራ ቢመስልም፣ ለኢትዮጵያውያን ግን ከሌላው የበለጠ የሚያሳስተው እሱ ነው። ጅቡቲና ኢትዮጵያ በአንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ናቸው፤ ሁለቱም ከግሪንዊች በ3 ሰዓት ይቀድማሉ። አቆጣጠራቸው ግን ይለያያል። ኢትዮጵያዊው ቀኑን ከንጋት ሲጀምር፣ ጅቡቲያዊው ከእኩለ ሌሊት ይጀምራል። የመጋዘን ኃላፊው በፈረንሳይኛ «ነገ በስምንት ሰዓት» ብሎ ሾፌሩን ቀጠረ እንበል። ሾፌሩ ይህንኑ በአማርኛ 8 ሰዓት ነው ብሎ ከቀትር በኋላ ቢመጣ፣ ከቀጠሮው 6 ሰዓት ዘገየ። በዚያ መካከል ተራው ለሌላ መኪና ይሰጣል፤ ዕቃው ባደረ ቁጥር የመጋዘን ኪራይና ዲመሬጅ ይቆጥራል።

በቀድሞው ሰዓት ችግሩ በቀላሉ ይፈታ ነበር። ባለቤቱ በጎን ያለችውን ቁልፍ አዙሮ ዘንጎቹን እንደ አገሩ አቆጣጠር ያደርጋቸው ነበር። ስልክ የሆነው ሰዓት ግን ጊዜውን ከመስመሩ ይቀበላል። ይህን አጥፍቶ በገዛ እጅ 6 ሰዓት ወደኋላ መመለስ ሌላ ጣጣ ያመጣል። የመልእክቶቹ ሰዓት ይዛባል፤ እንደ ዋትሳፕ ያሉ አገልግሎቶችም ቀኑና ሰዓቱ ትክክል አይደለም ብለው አንሠራም ሊሉ ይችላሉ። ሰዓቱን ሳይነኩ የሰዓት ክልሉን ብቻ ወደ አርጀንቲና ዋና ከተማ ወደ ቦነስ አይረስ መቀየር ግን ይቻላል። ያች ከተማ ከግሪንዊች በ3 ሰዓት ወደኋላ ስለሆነች፣ በአሥራ ሁለት ሰዓት አቆጣጠር የሚያሳየው ልክ የኢትዮጵያን ሰዓት ነው። ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ብቻ የቀኑ ቁጥር የትናንቱ ሆኖ ይቆያል። የቀጠናውን ቀጠሮ የሚያከብር ሠራተኛ ግን ሰዓቱን እንዳለ ትቶ 8፡00 ሲያይ «2 ሰዓት» ብሎ ማንበብን ቢለምድ ይቀለዋል።

አማርኛ መጻፍ በዚህ ጠባብ ገጽ ላይ አድካሚ ነው። ከሁለት መቶ የሚበልጡትን ፊደላት ሣንቲም በሚያህል መስታወት ላይ ማግኘት ጣትንም ዓይንንም ያታክታል። በአንዳንድ ርካሽ ሰዓቶች ላይ ደግሞ ፊደሉ ስለሌለ ከአገር ቤት የተላከው መልእክት በባዶ ሣጥኖች ተደርድሮ ይታያል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚቀለው በቃል መናገር ነው። እዚህም ላይ ጥንቃቄ ያሻል። የሰዓቱ ድምፅ በጆሮ ላይ ተጠግቶ የሚሰማ ሳይሆን ወደ ውጭ የሚለቀቅ ነው። አዲስ አበባ ያለው አስመጪ የሚገዛበትን የመጨረሻ ዋጋ ሲናገር፣ አጠገብ የቆመው ተፎካካሪ ከትራንዚተሩ እኩል ይሰማዋል። በብሉቱዝ የሚሠራ የጆሮ ማዳመጫ ይህን ይከላከላል። ማዳመጫ የሌለው ሰው «ቆይተህ ደውልልኝ» ብሎ ዘወር ማለት ይኖርበታል።

መልመጃ አንድ፦ ምንባቡን መሠረት በማድረግ ለሚከተሉት ጥያቄዎች በሙሉ ዐረፍተ ነገር መልስ ስጡ።

ሀ. ራሱን የቻለ ሰዓትና ከስልክ ጋር የሚተሳሰር ሰዓት በምን ይለያያሉ?
ለ. ኮንቴይነር ውስጥ የገባ ሠራተኛ መስመር የሚያጣው ለምንድን ነው? ባትሪውስ ቶሎ የሚያልቀው ለምንድን ነው?
ሐ. የሾፌሩ ቀጠሮ የተበላሸው ሰዓቱ ስለተሳሳተ ነውን? አስረዱ።
መ. የቦነስ አይረስ ሰዓት የኢትዮጵያን አቆጣጠር ሊያሳይ የቻለው እንዴት ነው? በስሌት አሳዩ።

መልመጃ ሁለት፦ «ቀረጥ»፣ «አንጓ»፣ «ሞገድ»፣ «አስተያየ» የሚሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ የያዙትን ፍቺ ጽፋችሁ፣ እያንዳንዱን በራሳችሁ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገቡ።