ባዶ የሚመስል መሬት፦ ከጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ የሚገኝ ትምህርት

በጌዴኦ ደጋማ ቦታዎች የሕዝቡ ብዛት ከፍተኛ፣ የእርሻ ይዞታውም ጠባብ ነው። ስለዚህ በዲላና በአካባቢዋ ስለ ሠፈራ በተነጋገርን ቁጥር «በቆላው ባዶ መሬት ሞልቷል» የሚል አስተያየት መነሣቱ አይቀርም። ይህ አስተያየት በቅድሚያ መመርመር እንደሚገባው የጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ ታሪክ ያስረዳል።

ፓርኩ የተመሠረተው በ1966 ዓ.ም. ሲሆን፣ የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽንም የተቋቋመው በዚያው ዓመት ነበር። በባሮና በጊሎ ወንዞች መካከል የሚገኘው ይህ ሜዳ የዝሆን፣ የነጭ ጆሮ ቆርኬና የበርካታ የውኃ አዕዋፍ መኖሪያ ነው። ይሁን እንጂ ወሰኑ ለረጅም ዘመን በሕግ ሳይታወጅ ቆየ።

በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ድርቅ ምክንያት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሌሎችም አካባቢዎች የተነሡ ወገኖች በጋምቤላ፣ በአቦቦና በአካባቢው ሠፈሩ። ደኑ ለእርሻና ለማገዶ ተመነጠረ፤ ለመስኖ እርሻም የአልዌሮ ወንዝ ተገደበ።

መሬቱ ግን ባዶ አልነበረም። በክረምት ወንዞቹ ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቃሉ፤ በበጋ ውኃው ሲሸሽ አኝዋክ በወንዝ ዳር ያርሳል፣ ኑዌር ከብቱን ወደ ለምለሙ ሣር ያወርዳል። ዓሣው በረግረጉ ይራባል፣ ወፎችም በዚያ ይመገባሉ። ዝሆንም እንደ ወቅቱ ከደን ወደ ውኃ ይጓዛል። በአንድ ወር ጭር ብሎ የታየ ሥፍራ በሌላው ወር የብዙዎች መተዳደሪያ ነው። የዝሆኑ መንገድ በማሳ በተዘጋ ጊዜ ዝሆኑ ወደ በቆሎው ይገባል፤ ከረኀብ ያመለጠው ሠፋሪም ለሁለተኛ ጊዜ ለችግር ይጋለጣል።

ስለሆነም የሠፈራ ቦታ የሚያጠና ባለሙያ ቢያንስ ሦስት ጥያቄዎችን ማንሣት ይኖርበታል፦

1ኛ/ ቦታው በክረምትም በበጋም ታይቷልን?
2ኛ/ የአገሩ ነዋሪ ሽማግሌዎች ስለ አጠቃቀሙ ተጠይቀዋልን?
3ኛ/ የውኃው መውረጃና የአራዊቱ መተላለፊያ በካርታ ላይ ተለይቷልን?

የጌዴኦ ገበሬ እንሰትን፣ ቡናንና ረጃጅም ዛፎችን በአንድ ማሳ አጣምሮ መሬቱን ለትውልድ አቆይቷል፤ ይህም መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ይህን ዕውቀት የያዘ ሕዝብ የሚያስተዳድር ሠራተኛ፣ ሌላው ወገን ስለ ገዛ መሬቱ የሚያውቀውን ሳይጠይቅ «ባዶ ነው» ብሎ መፈረም አይገባውም።