የሐረጎ ቁልቁለትና የጎማ ሸመታ

ከደሴ ኮምቦልቻ የሚወርድ ነጋዴ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። በሐምሌና ነሐሴ የሐረጎ ጠመዝማዛ በዝናብ ሲርስ፣ ጥርሱ ያለቀ ጎማ ፍሬኑ ደህና ቢሆንም ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። የአውሮፓ ሕግ 1.6 ሚሊ ሜትር የጥርስ ጥልቀት ይበቃል ቢልም፣ ከ3 በታች ሲሆን የጎማው ይዞታ በግልጽ ይላላል።

ገዢን የሚያሳስተው ስሙ ነው። ፈረንጅ «የክረምት ጎማ» የሚለው ለበረዶ እንጂ ለእኛ ክረምት አይደለም። ከ7 ዲግሪ በታች ላለ ብርድ የለሰለሰው ላስቲክ በኮምቦልቻ ሙቀት ቶሎ ይበላል። ጎኑ ላይ የተራራና የበረዶ ቅንጣት ምልክት ያለበትን ውድ ዋጋ ከፍሎ መግዛት ኪሳራ ነው።

ከዚያ ይልቅ ባለአራት አሃዙን ቁጥር ማንበብ ይሻላል፤ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት የተመረተ ነው። መጋዘን የከረመ ጎማ በአዲስ ዋጋ አይሸጥም። ሁለት ብቻ የሚገዛም አዲሶቹን ከኋላ ያስገጥም።