ከሁለት ያጣ ሠራተኛ



«ሰው ከሠራ ምን ይቸግረዋል? ከተቸገረስ መንግሥት ይረዳው የለም ወይ?» ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። አባባሉ እውነት መሆኑን፣ ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩባት ከአሜሪካዋ የቴክሳስ ግዛት ምሳሌ ወስደን እንመርምር። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቴክሳስ ዝቅተኛው የሰዓት ደመወዝ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው፤ ከ2009 ወዲህ አልተጨመረም። ልጅ የማያሳድግና አሠሪው የጤና ኢንሹራንስ የማይገባለት አንድ ሠራተኛ በሳምንት 40 ሰዓት፣ ዓመቱን ሙሉ ሳያቋርጥ ቢሠራ የሚያገኘው 15,080 ዶላር ነው። በ2025 ለአንድ ሰው የተወሰነው የድህነት መስመር ግን 15,650 ዶላር ነበር። እንግዲህ ይህ ሰው ሙሉ ጊዜውን ሠርቶም 570 ዶላር ይጎድለዋል።

ታዲያ ቢታመም ማን ያሳክመዋል? ለድሆች ሕክምና የሚከፍለው ሜዲኬይድ የሚባለው የመንግሥት መርሐ ግብር በቴክሳስ ልጅ የማያሳድገውንና አካል ጉዳት የሌለበትን ጎልማሳ፣ ገቢው ምንም ያህል ቢያንስ አይቀበልም። ለኢንሹራንስ መግዣ የሚሰጠው የፌዴራል ድጎማ ደግሞ የሚጀምረው ገቢው የድህነቱን መስመር ከነካ ሰው ነው፤ የ2026ቱም ድጎማ የተለካው በዚሁ በ2025ቱ መስመር ነው። ስለዚህ አንደኛው በር «የአንተን ዓይነት አናስተናግድም» ይለዋል፤ ሁለተኛው «ገቢህ አንሷል» ብሎ ይመልሰዋል። ለድጎማው በጣም ደሃ ሆነ ማለት ነው!

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? በ2010 የወጣው የጤና ሕግ ሜዲኬይድ በየግዛቱ ለእንዲህ ያለው ሠራተኛ እንዲዳረስ፣ ድጎማው ደግሞ ከእርሱ ከፍ ላሉት እንዲሆን አስቦ ነበር። በ2012 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግዛቶች ሊገደዱ አይችሉም ሲል ፈረደ። ቴክሳስም ሳትቀበለው ቀረች። ክፍተቱ የመጣው ከዚህ እንጂ ከሠራተኛው ስንፍና አይደለም።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ዕርዳታ የተከለከለ ሁሉ ችግር የሌለበት አይደለም፤ መስፈርት የችግር ሚዛን አይደለምና። ሁለተኛ፣ እኛ ፊደል የቆጠርን ወጣቶች ልንሠራው የምንችለው አለ። የጎደለው 570 ዶላር በዓመት የ79 ሰዓት ሥራ ነው፤ ይህን አስቀድሞ ያወቀ ሠራተኛ ከድጎማው ሊደርስ ይችላል። በፌዴራል ገንዘብ የሚረዱ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎችም እንደ ገቢ መጠን ክፍያ ይቀንሳሉ። ቅጹን አብረን እንሙላ፤ ደብዳቤውን እናንብብለት፤ ጣቢያውን እናሳየው። ለደከመ ሰው ከምክርና ከነቀፋ ይልቅ ይህ ይጠቅመዋል።