አዲሱን የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ተማሪ ካምፓስ ላይ እንዴት እንቀበለው?

ጋይንት ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ከትግራይ፣ ከጎጃም፣ ከሸዋ የተነሣ የአብነት ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ሲደርስ ዘመድ የለውም። የሚያስጠጋው የነባር ተማሪዎች ጎጆ ነው። ቀድሞት የገባው ልጅ የት ሄዶ እንደሚለምን፣ የየትኛው መንደር ውሻ ኃይለኛ እንደሆነ፣ የኔታ ፊት እንዴት እንደሚቀመጥ ያሳየዋል፤ ማታ ደግሞ ቀለሙን ያስጠናዋል። ጎጆው ውስጥ ማንም «የማን አገር ልጅ ነህ» ብሎ መርጦ አይቀበልም።

ዛሬ ከንፋስ መውጫ፣ ከአርብ ገበያ፣ ከወገዳ፣ ከመካነ ኢየሱስ የሚነሣው ልጅ በተራው እንግዳ ሆኖ ይሄዳል፤ ቅርብ ከደረሰው ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር፣ ሩቅ ከደረሰው ጅማ፣ ሰመራ፣ አርባ ምንጭ ወይም ጋምቤላ። ይህን የምጽፈው ቀድማችሁ ለገባችሁት ነው። አዲሶቹን የመቀበሉን ሥራ ለመጀመር ሦስት አራት ነባር ተማሪ ይበቃል።

ምደባው ሲወጣ

ትምህርት ሚኒስቴር ምደባውን እንዳወጣ ወደ ተማራችሁበት ትምህርት ቤት ደውሉና ወደ እናንተ ዩኒቨርሲቲ የተመደቡትን ልጆች ስምና ስልክ ተቀበሉ። ከዚያ ተከፋፈሏቸው፤ አንድ ነባር ለሁለት አዲስ፣ ሴት ለሴት። አንድ ለአምስት አታድርጉት። ያ የትምህርት ቤት አደረጃጀት ከጥናት ይልቅ የሪፖርት ሥራ ሆኖ ስለቀረ ተማሪው ስሙን ሲሰማ ይሸሻል፤ ደግሞም አንድ ሰው አምስት ልጅ በእውነት አይከታተልም።

ልጁ ከቤት ሳይነሣ ደውሉለት። የ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለው ትራንስክሪፕት፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ ሁሉም ዋናውና ኮፒው፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስ ይዞ ይምጣ። ዝርዝሩ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ስለሚለያይ ማስታወቂያውን በስልክ አንብቡለት። ኮፒውን እዚያው ከተማ ላይ ያስነሣ፤ በምዝገባ ሰሞን የካምፓስ በር ላይ ያለው ኮፒ ቤት ወረፋው አያልቅም።

ከጉና ተራራ ሥር ያደገ ልጅ ብርድ ያውቃል፣ ሙቀት አያውቅም። ለሰመራ ወይም ለጋምቤላ የተመደበው ወፍራሙን ብርድ ልብስ ትቶ ስስ ነገር ይያዝ። ጋምቤላና አሶሳ ወባ አለ፤ የደጋ ልጅ ሰውነት ደግሞ አልለመደውም። አጎበር ሳይዘረጋ እንዳይተኛ ንገሩት። ትኩሳትና ራስ ምታት ሲሰማው «የመንገድ ድካም ነው» ብሎ እንዳይተኛበት፣ በዚያው ቀን ክሊኒክ ሄዶ ደሙን ይመርመር።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ጦርነት መንገዱም ኔትወርኩም የሚቋረጥበት ቀን አለ። የምዝገባው ቀን የሚያልፍበት ከሆነ እናንተ ቀድማችሁ ሬጅስትራር ገብታችሁ አስረዱለት፤ እሱም ከትምህርት ቤቱ ወይም ከቀበሌው ደብዳቤ ይዞ ይምጣ። የሚያስረዳለት ሰው ያጣ ልጅ ከበር ተመልሶ ዓመቱን ያጣል።

ወላጅም ይፈራል። በ2012 ዓ.ም. ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የታገቱት ተማሪዎች ነገር ከእናቶች ልብ አልወጣም። ስለዚህ መናኸሪያ ሄዳችሁ ተቀበሉትና ሻንጣው ከመኪናው ጣሪያ ሳይወርድ ለቤት ደውሉ። «እንደምን ዋሉ እማማ፤ እዚሁ የምማር የወገዳ ልጅ ነኝ። ልጅዎ ደህና ገብቷል፣ አጠገቤ ቆሟል» በሉና ስልኩን ለእሱ ስጡት።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

ምዝገባ፣ መታወቂያ፣ ዶርም፣ ሚል ካርድ፤ አብራችሁት ዙሩ። የኮስት ሼሪንግ ውሉን ሳያነብ እንዳይፈርም፣ የፈረመበትንም ኮፒ እንዲያስቀምጥ አድርጉ። ነን ካፌ ሆኖ የምግቡን ብር በእጁ መቀበል የሚፈልግ ከሆነ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ካፌ ቢቆይ ይሻለዋል፤ ከተማውንና ዋጋውን ሳያውቅ ብሩን ወር ሳይሞላ ይጨርሰዋል።

ይሉኝታ

ትልቁ ሥራ እዚህ ላይ ነው። አንደኛ ዓመት ሳለሁ ሚል ካርዴ በስም ስህተት ተያዘብኝ። ለማን እንደሚነገር አላወቅሁም፤ መጠየቅም አፈርሁ። ከቤት በፌስታል የያዝሁትን የገብስ በሶ የዶርም ቧንቧ ውኃ ጨምሬ እየበጠበጥሁ ሁለት ቀን ዋልሁ። የአገሬ ልጅ የሆነ ሲኒየር ማታ ማታ በራችን ላይ ቆሞ «ችግር አለ?» ይለኛል። «ኧረ ምንም፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እለዋለሁ። ለእኛ አገር ሰው ከዚህ ሌላ መልስ የለም። በሦስተኛው ቀን አንድ የወላይታ ልጅ፣ ከጎን ዶርም፣ «ዛሬ ካፌ ምሳው ምን ነበር?» አለኝ። የምመልሰው አጣሁ። ምንም ሳይለኝ ይዞኝ ወደ ተማሪዎች ቢሮ ሄደ፤ ካርዱ በዚያው ቀን ተሰጠኝ።

ስለዚህ «ችግር አለ?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ «የለም» ሊሆን የማይችል ጥያቄ ጠይቁ። ምሳ ምን በላህ? ሚድ የሚጀምረው መቼ ነው? የማትስ ደብተርህን እስቲ አሳየኝ። ቤት የደወልኸው መቼ ነው? ዶርም ውስጥ ከማን ጋር ታወራለህ? የመጨረሻውን ጥያቄ በየሳምንቱ ጠይቁት። በሦስተኛው ሳምንትም የአንድ ሰው ስም መጥራት ካቃተው አዳሩ እንዴት እንደሆነ ቁጭ ብላችሁ አዋሩት።

እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ የተወ፣ «መኖር ምን ያደርጋል» ማለት የጀመረ ልጅ ከእናንተ አቅም በላይ ነው። በዚያው ቀን አብራችሁት ወደ ተማሪዎች የምክር አገልግሎት ወይም ወደ ክሊኒክ ሂዱ። መምህርም ሆነ ተማሪ ያስቸገራት ሴት ልጅ ካለች ከእሷ ጋር ወደ ሥርዓተ ጾታ ቢሮ ግቡ። «ገመና ነው» ብሎ ማፈን ልጅቷን ብቻዋን መተው ነው።

ጥናት

የፍሬሽማን ውጤት ዲፓርትመንት ይወስናል፤ «ፍሬሽ ነው፣ ቀስ ይላል» የሚለው ምክር ልጁን የማይፈልገው ዲፓርትመንት ውስጥ ይከተዋል። ለመመረቅ ጠቅላላ ነጥቡ ከ2.00 መውረድ እንደሌለበት፣ ከግቢ የሚያስወጣው ነጥብ ስንት እንደሆነ ከሴኔት ሕጉ ላይ ገጹን አውጥታችሁ አሳዩት። በ2015 ዓ.ም. በተጀመረው ሪሜዲያል የገባ ከሆነ ደግሞ ጊዜው አጭር ነው፤ ከመጀመሪያው ሳምንት አንሥቶ ይጀምር።

ብዙ ልጅ የሚቸገረው በእንግሊዝኛው ሌክቸር ፍጥነት ነው። በሳምንት ሁለት ሰዓት ተቀመጡና ሃንድአውቱን ከክፍል በፊት አብራችሁ አንብቡ። ከዚያ እናንተ ዝም በሉ፤ እሱ በአማርኛ ያስረዳችሁ። የተደናቀፈበት ቦታ ያልገባው ቦታ ነው። የድሮ ፈተና ስጡት እንጂ አሳይመንት አትሥሩለት።

እጅ መልቀቅ

ከመጀመሪያው ሚድ በኋላ ቀስ እያላችሁ ራቁ። ከአገር ልጅ ጋር ብቻ የሚበላ፣ የሚያጠና፣ የሚዞር ተማሪ ካምፓሱ ውስጥ ሌላ ጋይንት ሠርቶ ይቀመጣል። ጅማ አራት ዓመት ኖሮ በኦሮምኛ ሰላምታ የማያውቅ ልጅ አይቻለሁ። ግቢ ሲረበሽ በሩን የሚዘጋለት፣ ሲታመም ክሊኒክ የሚያደርሰው አጠገቡ የሚያድረው የዶርም ጓደኛው ነው። ስለዚህ በእናንተ የቡና ሰዓት የዶርም ጓደኞቹንም ይዞ እንዲመጣ ንገሩት፤ የአካባቢውን ቋንቋ ሰላምታ ከእነሱ ይማር።

ውጭ አገር የምትማሩ ደግሞ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚመጣውን በዚሁ መንገድ ተቀበሉት። የሚጨመረው የመኖሪያ ፈቃድ ምዝገባ፣ የጤና መድንና የባንክ ሒሳብ ነው። አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ ንገሩት፦ እኛ ዘንድ መምህር ፊት ዝም ማለት ጨዋነት ነው፤ በብዙ የውጭ ሴሚናር ክፍል ግን ሳያነብ የመጣ ያስመስለዋል። ለየክፍሉ አንድ ጥያቄ ጽፎ ይግባ።

በመጨረሻ አንድ ደብተር ይኑራችሁ። የትኛው መኪና የት እንደሚያደርስ፣ የትኛው ቢሮ ምን ወረቀት እንደሚጠይቅ፣ ዘንድሮ ምን እንደጎደለ ጻፉበት። ደብተሩን ተመራቂ ተማሪ (ጂሲ) ዘንድ አታስቀምጡ፤ ተመርቆ ሲወጣ ሻንጣው ውስጥ ይዞት ይሄዳል። ሁለተኛ ዓመት ላይ ያለ ሰው ይያዘው።