ቦርሳ ጠባቂዋ



ለእረፍት ከዘመድ ጋር መዝናኛ ፓርክ የምትሄዱ ወጣቶች፣ ይቺን ያዙልኝ። አቡ ዳቢ፣ ፌራሪ ወርልድ ያለው ፎርሙላ ሮሳ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ይከንፋል። ቁመቱ ያልደረሰ ሕፃን አይሳፈርበትም። ስለዚህ አንድ ሰው ከልጁ ጋር ይቀራል፤ ብዙ ጊዜ እናቱ ናት። (የሁላችሁም ቦርሳ እሷ ዘንድ ነው!)

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሶላት ሊያስረዝሙ አስበው ይገቡና የሕፃን ለቅሶ ሲሰሙ ያሳጥሩት ነበር። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ምክንያቱን ልብ በሉ፦ የእናትየዋ ጭንቀት ነው። ፊታቸው ወደ ቂብላ ሆኖ ከኋላ ሶፍ ላይ የቆመችውን እናት ያስቡ ነበር።

ለእናት ሲባል ሶላት ካጠረ የእኛ ጨዋታ ምን ያህል ነው? አንዱን ዙር እናንተ ከልጁ ጋር ቅሩና እህታችሁን «ሂጂ፣ ተሳፈሪ» በሏት። «ግዴለም፣ እኔ ይቅርብኝ» ትል ይሆናል። ደግማችሁ ጠይቋት።