ስለ ርቀትና ስለ ቦታ ለውጥ

አንድ ሰው «ከጁባ እስከ ኮስቲ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ሁለት መልስ ሊያገኝ ይችላል። ካርታ ዘርግቶ በማስመሪያ የለካው ሰው 930 ኪሎ ሜትር ያህል ነው ይለዋል። በነጭ ዓባይ ላይ ጭነት የሚያመላልስ የመርከብ ሰው ግን 1436 ኪሎ ሜትር ነው ይለዋል። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል፤ የለኩት ነገር ግን የተለያየ ነው። አንዱ የለካው የቦታ ለውጥን ሲሆን ሌላው የለካው ርቀትን ነው። ይህን ልዩነት ሳያውቅ ለመንገድ የሚነሣ ነጋዴ ናፍታው በመንገድ ላይ ያልቅበታል፤ የጭነቱንም ኪራይ በትክክል ለመተመን አይችልም።

1ኛ፤ የሁለቱ ትርጉም

ርቀት ማለት ተንቀሳቃሹ ነገር ከተነሣበት እስከ ቆመበት ድረስ የሄደበት መንገድ ጠቅላላ ርዝመት ነው። መንገዱ ቢጠማዘዝም፥ ወደ ኋላ ቢመለስም ሁሉ ይደመራል እንጂ የሚቀነስ የለም። ርቀት መጠን ብቻ ነው፤ አቅጣጫ የለውም።

የቦታ ለውጥ ማለት ደግሞ ከመነሻው ወደ መድረሻው በቀጥታ የሚሰመረው መስመር ነው። ይህ መስመር መጠንም አቅጣጫም አለው፤ ስለዚህ የቦታ ለውጥን የሚናገር ሰው «ይህን ያህል ኪሎ ሜትር፥ ወደዚህ አቅጣጫ» ማለት ይገባዋል። ከጁባ ተነሥቶ ኮስቲ የደረሰ መርከብ የቦታ ለውጡ 930 ኪሎ ሜትር ያህል፥ ወደ ሰሜን፥ ጥቂትም ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ነው። የሄደው ርቀት ግን 1436 ኪሎ ሜትር ነው። የ500 ኪሎ ሜትር ያህል ብልጫ የመጣው ወንዙ በተለይም ሱድ በሚባለው ሰፊ ረግረግ ውስጥ ሲያልፍ እጅግ ስለሚጠማዘዝ ነው።

ጥቁር ዓባይም እንደዚሁ ነው። ከጣና ሐይቅ ወጥቶ መጀመሪያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይወርዳል፤ ጎጃምን ከቦ ወደ ምዕራብ ይዞራል፤ ከዚያም ወደ ሰሜን ምዕራብ ሄዶ በካርቱም ከነጭ ዓባይ ጋር ይገናኛል። የሄደው ርቀት ከ1400 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፥ ከባሕር ዳር እስከ ካርቱም ያለው ቀጥታ መስመር ግን ከ700 ኪሎ ሜትር ጥቂት ያንሳል።

2ኛ፤ የውሃ ቦቴ ምሳሌ

በጁባ ከተማ ብዙ ቤተ ሰብ ውሃ የሚያገኘው በቦቴ መኪና ሲሆን፥ በዚህ ሥራ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም ሲሠሩ ቆይተዋል። አንድ ቦቴ ከወንዙ ዳር ውሃ ሞልቶ 4 ኪሎ ሜትር ወደሚርቅ መንደር ሄደ፥ ውሃውንም አራግፎ በመጣበት መንገድ ወደ ወንዙ ተመለሰ እንበል። የሄደው ርቀት 4 ሲደመር 4፥ ማለት 8 ኪሎ ሜትር ነው። መነሻውና መድረሻው አንድ ስለ ሆነ ግን የቦታ ለውጡ ዜሮ ነው። በቀን 5 ጊዜ ቢመላለስ ርቀቱ 40 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ የቦታ ለውጡ አሁንም ዜሮ ነው።

ሞተሩ ናፍታ የሚያቃጥለው፥ ጎማውም የሚያልቀው በተሄደው ርቀት ነው። በርሜል ውሃ የምትገዛው እናት ከምትከፍለው ዋጋ ውስጥ የመመለሻው መንገድ ወጪም አለበት። የቦታ ለውጥን ብቻ አይቶ «መኪናው ከነበረበት አልራቀም» የሚል ሰው የሾፌሩን ድካምና ወጪ ሁሉ ከሒሳብ አወጣው ማለት ነው።

3ኛ፤ በመታጠፊያ መንገድ ላይ ያለ ሒሳብ

አንድ መንገደኛ 3 ኪሎ ሜትር ወደ ምሥራቅ፥ ቀጥሎም 4 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ቢሄድ ርቀቱ 7 ኪሎ ሜትር ነው። የቦታ ለውጡን ለማግኘት 3 በ3 ሲባዛ 9፥ 4 በ4 ሲባዛ 16፤ ሁለቱ ሲደመሩ 25 ይሆናል። በራሱ ሲባዛ 25 የሚሰጠው ቁጥር 5 ስለ ሆነ የቦታ ለውጡ 5 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው። ከዚህ የምንማረው ሕግ የቦታ ለውጥ መጠን ከርቀት ፈጽሞ እንደማይበልጥ ነው። ሁለቱ እኩል የሚሆኑት ጉዞው ሳይታጠፍና ሳይመለስ በቀጥታ መስመር ላይ ሲሆን ብቻ ነው።

4ኛ፤ የድልድይ ጥቅም

የወንዙ ስፋት ግማሽ ኪሎ ሜትር ነው እንበል። በአንደኛው ዳር በሽተኛ አለ፤ በወዲያኛው ዳር፥ ልክ ፊት ለፊቱ፥ ሐኪም ቤት ይታያል። ድልድዩ ግን 5 ኪሎ ሜትር ይርቃል። በሽተኛው 5 ኪሎ ሜትር ወደ ድልድዩ፥ ግማሽ ኪሎ ሜትር በድልድዩ ላይ፥ ከዚያም 5 ኪሎ ሜትር ወደ ሐኪም ቤቱ፥ በጠቅላላው 10 ኪሎ ሜትር ተኩል ይወሰዳል። የቦታ ለውጡ ግን ግማሽ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። በዚያው ስፍራ ድልድይ ቢሠራ የቦታ ለውጡ ያው ሲሆን ርቀቱ 10 ኪሎ ሜትር ይቀንሳል። እንግዲህ መንገድና ድልድይ የሚያሳጥሩት ርቀትን ነው፤ የቦታ ለውጥን ማንም መሐንዲስ ሊያሳጥረው አይችልም። በጁባ ቀድሞ ከነበረው ድልድይ ሌላ በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው፥ 560 ሜትር ርዝመት ያለው የነፃነት ድልድይ እ.ኤ.አ. በ2022 ሲከፈት የተገኘው አንዱ ጥቅም ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ ርቀትን ማሳጠር ሁልጊዜ ያለ ዋጋ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ1978 መቆፈር የተጀመረው የጆንግሌ ቦይ በሱድ ረግረግ ተበትኖ በትነት የሚጠፋውን ውሃ ለማትረፍ የታሰበ ሲሆን፥ የመርከቡንም መንገድ ባሳጠረው ነበር። ነገር ግን የወንዙ መጠማዘዝና መስፋት ለከብት ግጦሽ፥ ለዓሣም መራቢያ ስለ ሆነ የአገሩ ሰዎች ሥጋት አደረባቸው። በጦርነት ምክንያት ሥራው በ1980ዎቹ ሳይፈጸም ቆመ።

መልመጃ

ሀ) አንድ ነጋዴ ከጁባ ታውን ተነሥቶ 2 ኪሎ ሜትር ወደሚርቅ ገበያ ሄዶ በዚያው መንገድ ቢመለስ፥ ርቀቱና የቦታ ለውጡ ስንት ነው?
ለ) አንድ ጀልባ 6 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ሄዶ 2 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ቢመለስስ?

መልስ፤ ሀ) ርቀቱ 4 ኪሎ ሜትር፤ የቦታ ለውጡ ዜሮ። ለ) ርቀቱ 8 ኪሎ ሜትር፤ የቦታ ለውጡ 4 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን።