ስሙ ዓሣ፣ እሱ ግን ዓሣ አይደለም

የዛሬው የዕውቀት አምዳችን ከአገራችን በጣም ርቆ ወደሚገኝ ባሕር ይወስዳችኋል። መልካም ንባብ!

በመጀመሪያ ይህን ጽሑፍ ለምን እንደጻፍኩ ልንገራችሁ። በሳይንስ ክፍለ ጊዜ መምህራችን “አጥቢ እንስሳትን ጥቀሱ” አሉን። ላም፣ ፍየል፣ ውሻ እያልን ስንጠራ አንድ ጓደኛችን እጁን አውጥቶ “ዓሣ ነባሪ” አለ። ክፍሉ ሳቅ በሳቅ ሆነ። እኔም ስቄያለሁ፣ አልዋሽም። መምህራችን ግን “እሱ ትክክል ነው። የሳቃችሁት አንብባችሁ ኑ” አሉን። እኔም ያነበብኩትን ይኸው ይዤ መጣሁ።

1. ዓሣ ነባሪ ምን ዓይነት እንስሳ ነው?

ስሙ “ዓሣ” ቢልም ዓሣ አይደለም። ዓሣ የሚተነፍሰው ውሃ ውስጥ ሆኖ በስንጥቡ ነው። ዓሣ ነባሪ ግን እንደ እኛ ሳንባ ስላለው አየር ለመሳብ የግድ ወደ ላይ መውጣት አለበት። እንቁላል አይጥልም፤ ይወልዳል፣ ግልገሉንም ወተት ያጠባል። በጅራቱም መለየት ይቻላል። የዓሣ ጅራት ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወዛወዛል፤ የዓሣ ነባሪ ጅራት ግን ወደ ላይና ወደ ታች ነው የሚመታው።

በጣም የገረመኝን ልንገራችሁ? ዛሬ በሕይወት ካሉት እንስሳት ሁሉ ለዓሣ ነባሪዎች የቅርብ ዘመድ የሆነው ጉማሬ ነው! አዎ፣ የእኛው የጣና ጉማሬ።

2. ካይኮራ የት ናት?

ዓሣ ነባሪን በጀልባ ሄዶ ለማየት ከሚመረጡ ቦታዎች አንዷ በኒውዚላንድ የምትገኘው ካይኮራ ናት። ትንሽ የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት። ስሟ በአገሬው በማኦሪ ሕዝብ ቋንቋ “የባሕር ክሬይፊሽ መብላት” እንደ ማለት ነው። ክሬይፊሽ ደግሞ ጠንካራ ቅርፊትና ብዙ እግር ያለው፣ የሚበላ የባሕር እንስሳ ነው።

ዓሣ ነባሪዎቹ ይህችን ቦታ ለምን መረጡ? ከባሕሩ ሥር ትልቅ ገደል ስላለ ነው። ብዙ ቦታ ጥልቅ ባሕር ለማግኘት ከየብስ በጣም መራቅ ያስፈልጋል። በካይኮራ ግን ከ1000 ሜትር በላይ የሚጠልቀው ገደል ለባሕሩ ዳር ቅርብ ነው። ከጥልቁ የሚወጣው ቀዝቃዛ ውሃ ብዙ ንጥረ ነገር ስለሚይዝ ጥቃቅን ሕይወት ያላቸው ነገሮች ይበዙበታል። እነሱን ትንንሾች ይበላሉ፣ ትንንሾቹን ትልልቆች ይበላሉ። በክፍል የተማርነው የምግብ ሰንሰለት ማለት ይኸው ነው።

3. በጀልባው ላይ ምን ይታያል?

በካይኮራ በብዛት የሚታየው ስፐርም ዌል የሚባለው ዓሣ ነባሪ ነው። ጥርስ ካላቸው ዓሣ ነባሪዎች ሁሉ ትልቁ ነው። ወንዱ 16 ሜትር ሊረዝምና ከ40 ቶን በላይ ሊመዝን ይችላል። አንድ ትልቅ አውቶቡስ 12 ሜትር ያህል ነው፤ እስኪ አስቡት! ወደ ካይኮራ የሚመጡት በአብዛኛው ወንዶቹ ናቸው። ሴቶቹና ግልገሎቹ ሞቅ ያለ ባሕር ይመርጣሉ።

ታዲያ ውሃ ውስጥ የገባ እንስሳ እንዴት ይገኛል? በጆሮ ነው! ስፐርም ዌል ጨለማ ጥልቅ ውስጥ ሆኖ “ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ” የሚል ድምፅ ያወጣል። ድምፁ ነገር ላይ ነጥሮ ሲመለስለት ምግቡ የት እንዳለ ያውቃል። የጀልባው ካፒቴን ሞተሩን አጥፍቶ ውሃ ውስጥ የሚሠራ ማይክሮፎን ያወርድና ያዳምጣል። ጠቅታው ሲቆም እንስሳው ወደ ላይ እየመጣ ሊሆን ስለሚችል ሁሉም ሰው ዓይኑን ባሕሩ ላይ ይተክላል።

ከዚያ እንደ ጉም ያለ ነገር ቡፍ ይላል። ብዙ ሰው ውሃ የተፋ ይመስለዋል፤ ግን እስትንፋሱ ነው። በጠዋት ብርድ ከአፋችን እንደሚወጣው ማለት ነው። ዓሣ ነባሪው 10 ደቂቃ ያህል ላይ ሆኖ ይተነፍሳል። ከዚያ ጀርባውን ጎበጥ አድርጎ ትልቁን ጅራቱን ወደ ሰማይ ያነሣና ይጠልቃል። ብዙ ጊዜ ከ40 ደቂቃ በላይ አይመለስም። የጅራቱ ጠርዝ የእያንዳንዱ ይለያያል፤ ባለሙያዎች እሱን አይተው “ይኼ እገሌ ነው” ይላሉ።

በጉዞው ሌሎችም ይታያሉ፦
• በአንድ ላይ በመቶዎች ሆነው የሚዘሉ ዶልፊኖች፣
• ድንጋይ ላይ ተኝተው ፀሐይ የሚሞቁ ባለ ፀጉር የባሕር አጥቢዎች (ሲል ይባላሉ)፣
• አልባትሮስ የሚባሉ ወፎች። አንዳንዱ ዝርያ ክንፉን ሲዘረጋ ከ3 ሜትር ይበልጣል።

4. በፊት ይገደል ነበር

ካይኮራ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረችም። እ.ኤ.አ. በ1842 የመጀመሪያው የዓሣ ነባሪ አዳኞች ጣቢያ እዚያ ተከፈተ። ሥቡ ተቀቅሎ ለመብራት ዘይት ይሆን ነበር። ከዚያ ዘመን የቀረ ፋይፍ ሃውስ የሚባል ቤት እስከ ዛሬ ቆሟል። መሠረቱ ላይ የገባው ምን መሰላችሁ? የዓሣ ነባሪ የአከርካሪ አጥንት! በኒውዚላንድ አደኑ ያቆመው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ደግሞ የባሕር አጥቢዎችን የሚጠብቅ ሕግ ወጣ።

በ1980ዎቹ በካይኮራ ሥራ ጠፋ። የባቡርና ሌላውም የመንግሥት ሥራ ሲቀንስ በተለይ ማኦሪዎቹ ተቸገሩ። በአፈ ታሪካቸው ፓይኬያ የሚባል ቅድመ አያታቸው ወደዚያ አገር የመጣው በዓሣ ነባሪ ጀርባ ተቀምጦ ነው። ስለዚህ “ዓሣ ነባሪዎቹ ለእኛም እንጀራ ይሆኑናል፤ ግን ሳንገድላቸው” አሉ። የተወሰኑ ቤተሰቦች መኖሪያ ቤታቸውን አስይዘው ገንዘብ ተበደሩና እ.ኤ.አ. በ1987 ዌል ዎች ካይኮራ የሚባለውን የጉብኝት ድርጅት መሠረቱ።

እስኪ ልብ በሉ። ጎብኚ ባይመጣ ቤታቸውን ሊያጡ ይችሉ ነበር። እንስሳቱ ተረብሸው ቢሸሹ ደግሞ ጎብኚ አይመጣም። የሞተ ዓሣ ነባሪ የሚሸጠው አንድ ጊዜ ነው። በሕይወት ያለው ግን ዛሬም ነገም ይታያል። ዛሬ ከመላው ዓለም ሰው ወደዚያች ትንሽ ከተማ ይመጣል። ዓሣ ነባሪ ሳይታይ ከቀረም ድርጅቱ ከከፈሉት 80 በመቶውን ይመልስላቸዋል።

5. ጀልባ እስከ የት ይጠጋል?

በኒውዚላንድ ደንብ መሠረት፦
ሀ. ጀልባ ከዓሣ ነባሪ ከ50 ሜትር በላይ መቅረብ የለበትም። ግልገል ካለ 200 ሜትር ይርቃል።
ለ. በ300 ሜትር ውስጥ ከሦስት ጀልባ በላይ አይፈቀድም።
ሐ. መንገዱን መዝጋት ክልክል ነው። ከጎን ወይም ከኋላ ቀስ ብሎ ነው የሚኬደው።
መ. ምግብም ቆሻሻም አይጣልለትም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ዓሣ ነባሪው ወደ ላይ የሚወጣው እኛ እንድናየው ሳይሆን ሊተነፍስ ነው። ያቺን 10 ደቂቃ ከረበሽነው በቂ አየር ሳይዝ ይጠልቃል። ሮጠን ሮጠን ልናርፍ ስንቀመጥ አንድ ሰው መጥቶ “ተነሥ!” ቢለን እንደ ማለት ነው።

6. እኔና የጣናው ጉማሬ

ይህን ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አምና ክረምት ባሕር ዳር ዘመዶቼ ጋ ሄጄ በጀልባ ጣና ላይ ወጥተን ነበር። ጉማሬ ብቅ ሲል እኛ ልጆች “ጋሼ፣ ይጠጉ! ጋሼ፣ ይጠጉ እንጂ!” ብለን ጮህን። ጀልባ ነጂው ግን ሞተሩን ቀንሰው ቆሙ። “ልጆቼ፣ ይኼ የእሱ ቤት ነው። ከዚህ እንየው” አሉን። እኔ አኩርፌ እስክንመለስ አላናገርኳቸውም። ፈሪ መስለውኝ ነበር። ጉማሬ ከተበሳጨ ጀልባ ሊገለብጥ እንደሚችል ያን ጊዜ አላሰብኩም። አሁን ሳስበው እኛንም ጉማሬውንም ይጠብቁ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ዘንድሮ ከሄድኩ መጀመሪያ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ። በክፍል የሳቅኩበትን ጓደኛዬንም በዚሁ አጋጣሚ ይቅርታ ብያለሁ።

እስኪ ራሳችሁን ፈትኑ!

1ኛ. ዓሣ ነባሪ ዓሣ አለመሆኑን የሚያሳዩ ሦስት ነገሮች ጥቀሱ።
2ኛ. ካፒቴኑ ሞተሩን የሚያጠፋው ለምንድን ነው?
3ኛ. በአገራችን ያለው የዓሣ ነባሪ የቅርብ ዘመድ ማን ነው?

መልስ፦ 1ኛ. በሳንባ ይተነፍሳል፤ ይወልዳል፤ ወተት ያጠባል። 2ኛ. የዓሣ ነባሪውን ጠቅታ ለመስማት። 3ኛ. ጉማሬ።

ሦስቱንም የመለሰ ጎበዝ ነው! ያልመለሰም አይሳቅበት፤ ደግሞ ያንብብ። በሚቀጥለው ዕትም እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ።

ከሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል፣ 7ኛ ክፍል